የቤት ካሜራና የሰው ገመና

የሰው ልጅ ቤት የሠራው ስለ ምን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው ሰው «ከፀሐይና ከዝናብ፣ ከሌባና ከአውሬ ለመዳን ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ለፀሐይ ቢሆን የዛፍ ጥላ፣ ለአውሬም ቢሆን የእሾህ አጥር በበቃው ነበር። ሰው ግን ከዚህ አልፎ ግድግዳ አቆመ፤ በግድግዳው በር አበጀ፤ በበሩም ላይ መጋረጃ ጋረደ። ይህን ሁሉ የደከመው ከሌላው ሰው ዐይን ለጥቂት ጊዜ የሚያርፍበት ስፍራ ስለሚያስፈልገው ነው። በቋንቋችን «ገመና» የሚባል ቃል መኖሩም የዚሁ ምስክር ነው። ገመና ወንጀል ማለት አይደለም፤ በቤት ውስጥ ሲሆን የሰው ኑሮ የሆነ፣ ወደ አደባባይ ሲወጣ ግን የባለቤቱን ክብር የሚነካ ነገር ነው። የታመመው ሰው ማቃሰቱ፣ የባልና የሚስት ወቀሳ፣ ያጣ ቤት ምሳውን ሳይበላ መዋሉ፣ ይህ ሁሉ ገመና ነው።

በዘመናችን ግን የእጅ መዳፍ የማትሞላ አንዲት መሣሪያ በዚህ በጥንቱ ግድግዳ ላይ አዲስ መስኮት ከፍታለች። ይህችውም ከኢንተርኔት ጋር የምትገናኘው የቤት ካሜራ ናት። አተካከሏ ቀላል ነው። ባለቤቱ በመደርደሪያ ላይ ያኖራታል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ያገናኛታል፤ የቤቱን የዋይፋይ የይለፍ ቃል ይሰጣታል፤ በስልኩም ላይ የእርስዋን መተግበሪያ ይጭናል። ከዚህ በኋላ የሳሎኑ ሥዕልና ድምፅ እንደ ምንጭ ውሃ ሳያቋርጥ ይፈስሳል፤ ባለቤቱ እንደ ፈቃዱ ለራሱ ብቻ፣ ወይም ለቤተ ዘመዱ፣ ወይም በቀጥታ ሥርጭት ለዓለም ሁሉ ያሳየዋል። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው፤ የሚያስነሣው ጥያቄ ግን የግማሽ ሰዓት አይደለም። ሰው ቤቱ የራሱ ስለ ሆነ ብቻ፣ በቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሁሉ ለሌላ ዐይን የመክፈት መብት አለውን? እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በቡና ነው ቢባል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሳያስገርመን አይቀርም። በ1991 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክፍል የሚሠሩ ተመራማሪዎች በጋራ የሚጠጡበት አንድ የቡና ማፍያ ነበራቸው። ከሩቅ ክፍል ተነሥቶ የሚመጣው ሰው ማፍያውን ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ድካሙ ከንቱ ይሆንበት ነበር። ስለዚህ በማፍያው ፊት አንድ ካሜራ አቆሙ፤ እያንዳንዱም ከወንበሩ ሳይነሣ ቡና መኖሩንና አለመኖሩን በኮምፒዩተሩ ይመለከት ጀመር። በ1993 ዓ.ም. ሥዕሉ በኢንተርኔት ሲለቀቅ ያንን ማፍያ ለማየት ከብዙ አገር ተመልካች ጐረፈ። ካሜራው የተዘጋው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ ማፍያውም በጨረታ 3,350 ፓውንድ አወጣ። የቡና ማፍያ ገመና የለውምና በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ መታየቱ ያዘነ አልነበረም።

ብዙ ሳይቆይ ግን ካሜራው ወደ ሰው ዞረ። በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ፣ በዲኪንሰን ኮሌጅ ትማር የነበረች ጄኒፈር ሪንግሊ የተባለች የ19 ዓመት ወጣት በመኝታ ክፍሏ ካሜራ ተክላ፣ በየ3 ደቂቃው የሚለወጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለዓለም ማሳየት ጀመረች። ተመልካቹ የሚያየው ቲያትር አልነበረም፤ ስታጠና፣ ስትተኛ፣ ከወዳጅዋ ጋር ስትቀመጥ፣ ብዙ ጊዜም ባዶውን ክፍል ነበር። ይህም ነገር እስከ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ቀጥሎ ከዚያ በኋላ ተዘጋ። ስለዚህች ወጣት በጊዜው ብዙ ክርክር ተነሥቷል፤ አንዱ ድፍረቷን ሲያደንቅ ሌላው ኀፍረት ማጣት ነው ብሎ ነቅፏታል። እኛ ግን ከሁለቱም ወገን ሳንቆም አንድ ነገር እናስተውላለን። ካሜራውን የተከለችው እርስዋ ናት፤ በዋናነት የምትታየውም እርስዋ ነበረች፤ ማጥፊያውም በእርስዋ እጅ ነበረ። በፈቀደች ጊዜ ከፈተችው፤ በበቃትም ጊዜ ዘጋችው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ምሳሌዎች የተለየ ሦስተኛ አለ፤ የዛሬው የብዙ ቤት ካሜራም ይህን ሦስተኛውን ይመስላል። በዚህኛው ጊዜ የሚተክለው አንድ ሰው ነው፤ የሚታየው ግን ሌላው ነው። ባለቤቱ ማለዳ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ከካሜራው ፊት ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ሕፃኑ፣ አሮጊቷ እናትና የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። የሁሉም ኑሮ ይታያል፤ መዝጋት የሚችለው ግን በዚያች ሰዓት በቤቱ ውስጥ የሌለው ሰው ነው። እንግዲህ ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ካሜራውን ለመክደን የማይችል ሰው ለመታየት ፈቅዷል ሊባል አይገባም።

ይህን ስንል ግን የመሣሪያዋን ጥቅም መካዳችን አይደለም። በሩቅ አገር ለሚኖር ልጅ የእናቱን ፊት በየቀኑ ማየት ምን ያህል ማጽናኛ እንደሚሆን ለማንም የተሰወረ አይደለም። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገድ ሁሉ በዘጋ ጊዜ፣ በዋሽንግተንና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የዘመዶቻቸውን ሠርግም ሆነ ቀብር የተከታተሉት በካሜራ ነበር። ሕፃኗን ለሌላ ሰው ትታ ወደ ቢሮዋ የምትሄደው እናት ሥጋትም እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። እኛ የምንለው ዐይኑ ይጥፋ አይደለም፤ ዐይኑ ሥርዐት ይኑረው ነው።

ነገሩን ለማስረዳት እኛ የምናውቃቸውን የአንዲት አሮጊት እናት ታሪክ እናቅርብ። ልጃቸው በአሜሪካ ይኖራል። ብቻቸውን መሆናቸው ቢያሳስበው በሳሎናቸው ካሜራ አስተከለላቸው። እርሳቸውም ለጥቂት ቀን ዝም ብለው ከረሙ፤ አንድ ቀን ማታ ግን ነጠላቸውን አውጥተው ካሜራውን ሸፈኑት። ልጁ ደንግጦ ስልክ ደወለና «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ጨለመብኝ እኮ!» አላቸው። እርሳቸውም «ምንም አልሆንኩ ልጄ፤ ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንኳ ከደጅ ‹እማዬ› ብለህ ተጣርተህ ነበር የምትገባው። አሁን ሳትጣራ ትገባለህ፤ መቼ እንደወጣህም አላውቅም» ሲሉ መለሱለት። ልጁ አስተዋይ ነበርና ነገሩ ገባው። ከዚያ ወዲህ ሊያያቸው ሲሻ አስቀድሞ ይደውላል፤ እርሳቸውም ነጠላውን ያነሡለታል። «ሌሊት ቢወድቁስ?» የሚለውንም ፍርሃት፣ ጐረቤት ያለች ልጅ ማለዳ ማለዳ እንድትጠይቃቸው በማድረግ አቃለሉት። ካሜራው ዛሬም ከስፍራው አለ፤ የተለወጠው ነጠላውን የሚያነሣው እጅ ብቻ ነው።

የእኚህ እናት ቃል ከአገራችን ልማድ የተቀዳ ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ «ይግቡ» እስኪባልም ይጠብቃል። ይህች ጥሪ ተራ ሰላምታ አይደለችም። ለቤቱ ሰው አንዲት አጭር ጊዜ ትሰጠዋለች፤ በዚያችም ጊዜ ልብሱን ይሰበስባል፤ እንባውን ይጠርጋል፤ ጠቡን ያበርዳል፤ ከዚያም «ይግቡ» ይላል። እንግዲህ ሰውየው በእንግዳው ፊት የሚቀርበው ራሱ እንደ ወደደው ሆኖ ነው። ካሜራ ግን «ቤቶች» አይልም፤ «ደኅና ዋሉ» ብሎም አይወጣም። የመሣሪያዋ ትልቁ ጕድለት ይህ ነው፤ ይህንንም ጕድለት ሊሞላው የሚችለው የባለቤቱ ጨዋነት ብቻ ነው።

ጨዋነቱ ይበልጥ የሚፈተነው በቤት ሠራተኛ ላይ ነው። ለሌላው ሰው የሥራ ቦታ ሌላ፣ ቤት ሌላ ነው፤ በየሰው ቤት ተቀጥራ ለምታድር ልጅ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የምትሠራበት ቤት የምትተኛበትም፣ የምታለቅስበትም፣ የእናቷን ናፍቆት የምታስታምምበትም ቤት ነው። በአረብ አገሮች ተቀጥረው የሚኖሩት ብዙዎቹ እኅቶቻችን፣ በአዲስ አበባም በየቤታችን የሚያገለግሉን፣ ሁሉ በዚሁ ሁኔታ ላይ ናቸው። ጄረሚ ቤንታም የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ በ1791 ዓ.ም. ፓኖፕቲከን ብሎ ስለ ሰየመው የእስር ቤት ንድፍ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በዚያ ንድፍ ጠባቂው በመካከል ካለው ግንብ ሆኖ እስረኞቹን ሁሉ ያያል፤ እስረኞቹ ግን እርሱን አያዩትም። መቼ እንደሚታዩ ስለማያውቁም ሁልጊዜ እንደሚታዩ ሆነው ይኖራሉ። ቤንታም ይህን ያሰበው ለእስረኛ ነው፤ እኛ ግን ምንም ላላጠፋች ልጅ በሳሎናችን ውስጥ ሳናውቀው ሠርተነው እንዳንገኝ ልንጠነቀቅ ይገባናል። ካሜራ መትከል ግድ ከሆነም ከመቀጠሯ በፊት ይነገራት፤ የሚያየው ስፍራ እስከ የት እንደሆነ ትወቅ፤ የምታርፍበትና የምትተኛበት ስፍራ ከዐይኑ ውጭ ይሁን። «ደመወዝ እከፍላታለሁ» የሚል ቢኖር፣ የከፈለው ለጕልበቷ እንጂ ለገመናዋ አለመሆኑን ያስብ።

ከሠራተኛዋም ይልቅ አቅም የሌለው ሕፃኑ ነው። የልጃቸውን መሳቅና ማልቀስ፣ መታጠብና መቀጣት በቀጥታ ሥርጭት ለማያውቁት ሕዝብ የሚያሳዩ ወላጆች በየአገሩ በርክተዋል፤ ከተመልካቹም ብዛት ገንዘብ የሚያገኙ አሉ። ሕፃኑ ዛሬ አይቃወምም፤ የሚቃወምበት ዕውቀት የለውምና። ነገር ግን አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከዚያም ሥራ ሲይዝ፣ ያ ሥዕል ከእርሱ ቀድሞ ይደርሳል። የፈረንሳይ መንግሥት በ2020 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ምስል በቪዲዮ መድረኮች ላይ ለንግድ ሲውል ሥርዐት አበጅቶለታል፤ ልጁም ራሱ ሥዕሉ እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት እንዲኖረው አድርጓል። የሕጉ መንፈስ የሚነግረን ወላጅ የልጁ ጠባቂ እንጂ የልጁ ገመና ባለቤት አለመሆኑን ነው።

ይህ ጕዳይ እኛን መምህራንንና የመንግሥት ሠራተኞችንም ይነካናል፤ ካሜራው የሚከፈተው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን በአለቃ ወይም በመምህር ትእዛዝም ነውና። በወረርሽኙ ጊዜ በብዙ አገር ተማሪዎች ከቤታቸው ሆነው እንዲማሩና እንዲፈተኑ ተደረገ። ስለዚህም የአንዱ ተማሪ ሰፊ ሳሎንና የሌላው የተላጠ ግድግዳ በአንድ መስኮት ጐን ለጐን ታየ። በአሜሪካ በኦሃዮ የሚገኘው የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት የመኝታ ክፍሉን በካሜራ እያዞረ እንዲያሳይ መደረጉን ተቃውሞ ከሰሰ። የፌዴራሉም ዳኛ በነሐሴ ወር 2022 ዓ.ም. ይህ ዐይነቱ አሠራር ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው አግባብ የሌለው ፍተሻ ነው ብሎ ፈረደ። ተማሪው ክፍሉን ማሳየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፈተናው በእጁ ላለ ሰው «እምቢ» ማለት ቀላል አይደለም። «እምቢ» የማለት መንገድ በሌለበት «እሺ» የሚለው ቃል ፈቃድ መሆኑ ይቀራል።

በዚህ ላይ አንድ የታወቀ ተቃውሞ ይነሣል። «ክፉ ያልሠራ ሰው የሚደብቀው ምን አለ?» ይባላል። ጥያቄው የጽድቅ ጥያቄ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ክፋትንና ገመናን ያደባልቃል። በቀድሞ ዘመን ንጉሥ በግብር ላይ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ እንጀራ መብላት ወንጀል ስለ ሆነ ግን አይደለም። ሐኪም የታመመውን ሰው ሲመረምር መጋረጃ ይስባል፤ በሽተኛው ሌባ ስለ ሆነ ግን አይደለም። እንዲያውም ሰው ከሚሠራቸው መልካም ነገሮች ብዙዎቹ መጋረጃ ይወዳሉ፤ ምጽዋት፣ ንስሐ፣ ይቅርታ፣ ፍቅር በተመልካች ፊት ሲሆኑ መልካቸው ይለወጣል። ያለማቋረጥ የሚታይ ሰው ቀስ በቀስ የሚኖረውን ትቶ የሚታየውን ይኖራል። ቤትም የሚጠቅመው ሰው ቢያንስ በአንድ ስፍራ ለታይታ ሳይኖር እንዲውል ነው።

ሌላው ተቃውሞ «የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አላሳይም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ቅን ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያዋ ግን እርሱ እንደሚያስበው አትሠራም። ሥዕሉ ከሳሎኑ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ስልኩ የሚበር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በመካከሉ በሌላ አገር በሚገኝ በአንድ ኩባንያ ኮምፒዩተር ውስጥ ያልፋል፤ እዚያም ሊቀመጥ ይችላል። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ትሬንድኔት የተባለ ኩባንያ የሸጣቸው ወደ 700 የሚጠጉ ካሜራዎች ሥርጭት በሰርጎ ገቦች እጅ ወድቆ በኢንተርኔት ተለቅቆ ነበር። በአልጋቸው የተኙ ሕፃናትና በየቤታቸው የሚውሉ ሰዎች ለማያውቁት ሁሉ ታዩ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ስለዚሁ ኩባንያውን ከሰሰ። ይኸው ኮሚሽን በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ሪንግ በተባለው የካሜራ ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ፣ አንድ የኩባንያው ሠራተኛ በመኝታና በመታጠቢያ ክፍል ጭምር የተቀረጹ በሺህ የሚቈጠሩ የሴቶች ቪዲዮዎችን መመልከቱን ገልጿል፤ ኩባንያውም ክሱን ለመፈጸም 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ «እኔ ብቻ ነኝ የማየው» የሚለው ሰው፣ ሊጠብቀው የማይችለውን ተስፋ ለቤተሰቡ እንደ ሰጠ ይወቀው።

ሕግስ ምን ይላል? በ1948 ዓ.ም. የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ12ኛው አንቀጽ ማንም ሰው በግል ሕይወቱ፣ በቤተሰቡና በቤቱ ያለ አግባብ ጣልቃ እንዳይገባበት ይደነግጋል። የአገራችንም ሕገ መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 26 ይህን መብት አስከብሯል፤ ከዚህም በኋላ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤትም በ2014 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ በቤት ላይ የተተከለ ካሜራ የሕዝቡን መንገድ ጭምር የሚያይ ከሆነ ባለቤቱ «የቤቴ ጕዳይ ነው» ብሎ ከሕጉ ሊያመልጥ እንደማይችል ወስኗል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ይሁን እንጂ ሕግ ብዙ ጊዜ ከደጅ ይቆማል፤ ሳሎን ገብቶ አሮጊቷን «ከፋሽን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሠራተኛዋንም «ነገሩሽን?» አይላትም። ከደጅ ወደ ውስጥ ያለውን መንገድ የሚሄደው ኅሊና ነው።

ስለዚህ ካሜራ ለመትከል ያሰበ ሰው፣ ስለ መሣሪያዋ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ጐን ለጐን ራሱን እንዲጠይቅ እንመክራለን። ሻጩን «እስከ ስንት ሜትር ታያለች?» ሲል፣ ራሱን «የማንን ኑሮ ታያለች?» ይበል። «ስንት ቀን ትይዛለች?» ሲል፣ «የሌላውን ሰው የድካም ቀን ለምን እይዛለሁ?» ይበል። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይውል ሳያድር ይለውጥ፤ ድምፅ የማያስፈልግ ከሆነ ድምፁን ይዝጋ፤ ማንም ከሚተኛበትና ከሚታጠብበት ክፍል ያርቃት። ከሁሉም በላይ ግን በካሜራዋ ፊት የሚውለውን ሰው ጠርቶ ያሳየው፤ መክደኛዋንም በእጁ ይስጠው። የሰጠውን ሰው መክደኛውን ቢጠቀምበት አይቈጣው። ሕፃን ከሆነና መክደኛ መያዝ ካልቻለ ደግሞ፣ አድጎ ሲጠይቀው የማያፍርበትን ብቻ ያሳይለት።

ዕውቀት ሩቁን አቅርቦልናል፤ ይህም ታላቅ ጸጋ ነው። ሩቁን ያቀረበልን ዐይን ቅርባችን ያለውን ሰው እንዳያዋርድብን መጠበቅ ግን የእኛ የራሳችን ሥራ ነው። የአንድ ቤት ክብር የሚለካው በግድግዳው ውፍረት ወይም በዕቃው ብዛት ሳይሆን፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ደካማው ሰው መጋረጃውን ሊዘጋ በመቻሉ ነው። በበሩ «ቤቶች!» ብሎ መጣራትን ያስተማሩን አባቶች ካሜራን አላዩም፤ ትምህርታቸው ግን ለካሜራም ይበቃል።